አማርኛ የማይችል ልጅ ቴኳንዶ ሲመዘገብ፦ ከምዝገባ እስከ ቀበቶ ፈተና ምን ይደረግ?

በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒ ወይም በባሕር ዳር ልጆችን የሚያሰለጥን ሰው ይህን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ምዝገባው ይበዛል። ከተመዝጋቢዎቹ መሐል ቤቱ የሚነገረው አገውኛ ብቻ የሆነ ልጅ አለ። ከመተከል በኩል የመጣ፣ አፉን በጉሙዝኛ ወይም በሺናሽኛ የፈታ አለ። ከወለጋ ከመጡ ቤተሰቦችም ትምህርቱን በኦሮምኛ የጀመረ ይኖራል። እነዚህ ልጆች ጥቂት ሳምንት ይመጣሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። አሰልጣኙም «ፍላጎት የለውም» ብሎ ስሙን ይሰርዛል።

ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቴኳንዶ ለእነዚህ ልጆች ከሌላው ትምህርት ሁሉ የቀለለ መሆን ነበረበት። ትእዛዙ በኮሪያኛ ነው። ኮሪያኛ ደግሞ ለደብረ ማርቆሱም ለጓጉሳ ሽኩዳዱም ልጅ እኩል ባዕድ ነው። ልጁ የሚጠፋው በትእዛዙ ላይ አይደለም። የሚጠፋው በትእዛዞቹ መሐል፣ ማስተሩ በአማርኛ ሲያብራራ፣ ሲቆጣና ሲቀልድ ነው።

ስለዚህ ግባችሁ አንድ ይሁን፦ ለልጁ ደኅንነትና ለቀበቶው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አማርኛ ሳይችል የሚደርስበት ይሁን። አማርኛውን ቀስ ብሎ ከጓደኞቹ ይለምዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ያዘጋጁ

አንድ ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ወለል ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ፕላስተርና አንድ ቀይ ጨርቅ። ከዚህ ሌላ የልጁን ቋንቋ የሚችል አንድ አዋቂ ፈልጉ። የክለቡ አባል መሆን የለበትም። የሰፈር ሰው፣ የትምህርት ቤት መምህር፣ የሌላ ልጅ እናት ትሆናለች። ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ ምዝገባ

1. «ብሔርህ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለሥልጠናው አይጠቅምም፣ ቤተሰብንም ያስደነግጣል። ጥያቄው «ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ታወራላችሁ?» ነው። ይህን ለሁሉም ወላጅ ጠይቁ። ለአንዳንዱ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ልጁን ለይቶ ያቆመዋል።

2. በምን ቋንቋ እንደሚማር ጠይቁ። በአዊ ዞን አገውኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ አማርኛ ላይ ገና ጀማሪ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ አሰልጣኝ ጎበዙን ልጅ «ዘገምተኛ» ይለዋል።

3. ስሙን ቤተሰቡ እንደሚጠራው ጻፉ፤ ሁለት ጊዜ አስደግማችሁ ስሙት። ለአፋችሁ ስላልተመቸ አታሳጥሩት፣ ሌላ ስምም አታውጡለት።

4. አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ችግር እንዳለበት ጠይቁ። ጆሮን አትዝለሉ። የማይሰማ ልጅና ቋንቋ የማይገባው ልጅ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልጁ ፊቱን ወደ ሌላ ባዞረበት ከኋላው አጨብጭቡ። ካልዞረ ወላጁ ወደ ጤና ተቋም እንዲወስደው ንገሩ። እስከዚያው ከዚህ በታች ያሉት የእጅ ምልክቶች ለእሱም ይሠራሉ።

5. ከወላጁ ስምንት ቃል በስልካችሁ ቅዱ፦ ያመኛል፣ ዞረብኝ፣ አልገባኝም፣ ፈራሁ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አቁም፣ ጎበዝ። በፊደልም ደብተሩ ላይ ጻፏቸው። በጽሑፉ ብቻ ግን አትተማመኑ። አገውኛ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች ስላሉት የተጻፈውን ስታነቡ ልጁ ላይገባው ይችላል። ቅጂውን እየሰማችሁ ተለማመዱ። ረዳቶቻችሁም ይልመዱት።

*ወላጁ «አማርኛ ይችላል፣ አይጨነቁ» ካለስ?* ክብር አለበትና አትከራከሩት። ልጁን ለብቻው እንደ ጨዋታ ፈትኑት። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ በዓይናችሁም አትጠቁሙ፤ ከዚያ «ሂድና ከወንበሩ ሥር ያለውን ፓድ አምጣልኝ» በሉት (ፓድ ምት የሚለማመዱበት ትራስ ነው)። ካመጣ ይችላል። ፈገግ ብሎ «እሺ» ካለና ከቆመ አልገባውም። «እሺ» ማንኛውም ልጅ መጀመሪያ የሚይዛት ቃል ናት። እንደ መልስ አትቁጠሯት።

ደረጃ 2፦ የትእዛዝ ቃላት

ክፍሉን የምታስኬዱበትን ቃል አሳጥሩ። ለመጀመሪያው ወር ሰባት ይበቃሉ። በቅደም ተከተል እነዚህን አስተምሩ፦

1. ጎማን (አቁም)
2. ቻርዮት (ቀጥ ብለህ ቁም)
3. ክዮንግዬ (እጅ ንሣ)
4. ጁንቢ (ተዘጋጅ)
5. ሲጃክ (ጀምር)
6. ባሮ (ወደ ነበርክበት ተመለስ)
7. ሺዮ (እረፍ)

በአይቲኤፍና በወርልድ ቴኳንዶ (ሁለት የቴኳንዶ ድርጅቶች ናቸው) ክለቦች ቃላቱና አነባበባቸው ትንሽ ይለያያሉ። የራሳችሁን ያዙ፤ ብቻ ረዳቶቻችሁ በሙሉ አንድ ዓይነት ይጥሩ። ካራቴ የምታስተምሩም ያው ነው፦ «ያሜ» (አቁም) ከ«ሀጂሜ» (ጀምር) ይቅደም።

«አቁም» መጀመሪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመር የማያውቅ ልጅ ቆሞ ይቀራል። ማቆም የማያውቅ ልጅ ሰው ይጎዳል።

አንዱን ቃል እንዲህ አስተምሩ፦

- ቃሉን እየጠራችሁ በሰውነታችሁ አሳዩ።
- ቃሉን ጥሩና ከልጆቹ ጋር አብራችሁ ሥሩ።
- ቃሉን ጥሩ፣ እናንተ ግን አትንቀሳቀሱ።
- ቃሉን ከኋላቸው ሆናችሁ ጥሩ።

አራተኛውን ብዙ አሰልጣኝ ይዘለዋል። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስትጠሩ ልጁ የሚከተለው ሰውነታችሁን እንጂ ቃሉን ላይሆን ይችላል። ከኋላ ስትጠሩ እውነቱ ይወጣል።

በአማርኛ «ቁም»፣ «ቁሚ»፣ «ቁሙ» እያላችሁ ከቀያየራችሁ ለልጁ ሦስት ትእዛዝ ይሆንበታል። የኮሪያኛው ቃል ለወንዱም ለሴቷም ለሁሉም አንድ ስለሆነ እሱን አጥብቃችሁ ያዙ። ቁጥርም ቢሆን «ሃና፣ ዱል» ብላችሁ ቁጠሩ።

*ልጁ ቃላቱን ቢያምታታ* ጮክ ብላችሁ አትድገሙት። ቋንቋ ያልገባው ሰው ጆሮው አልደነቆረም። ዝግ በሉና የእጅ ምልክት ጨምሩበት። ካልሆነ ያን ቀን ሁለት ቃል ብቻ አስይዙት።

ደረጃ 3፦ የ«አቁም» ምልክት (ይህን ሳትጨርሱ ማንንም አታጋጥሙ)

ልጁ ራሱ ሲያመው ወይም ሲፈራ የሚያሳየው ምልክት ያስፈልገዋል። ቃል አይሁን፤ የታፈነ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም አይናገርም።

1. አንድ ምልክት ምረጡ። የምመክረው መዳፍን ዘርግቶ እጅን ከራስ በላይ ማንሳት ነው። እጁ ከተያዘ የጓደኛውን አካል ወይም ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያድርግ።
2. በየክፍለ ጊዜው ከሰውነት ማሟሟቂያ በኋላ ተለማመዱት። ሁለት ሁለት ሆነው ይቁሙ፤ አንዱ ቀስ ብሎ ይግፋ፣ ሌላው ምልክቱን ያሳይ፣ የሚገፋው ወዲያው አንድ እርምጃ ይሽሽ። ከዚያ ይቀያየሩ።
3. ምልክቱን ያሳየውን ልጅ በራሱ ቋንቋ «ጎበዝ» በሉት። ከወላጁ የቀዳችሁት ቃል እዚህ ይጠቅማል።
4. ምልክት አይቶ ያላቆመ ልጅ የዚያን ቀን ጥንድ ልምምድ ያበቃለታል። አማርኛ ተናጋሪም ይሁን የማስተሩ ልጅ፣ ለማንም አይለወጥ።

*ልጁ ተመትቶም ምልክቱን ካላሳየ* አፍሯል ወይም ፈርቷል። ሆዱ ላይ ተመትቶ ጥርሱን እያሳየ የሚስቅ ልጅ ስታዩ «ጀግና ነው» ብላችሁ አትለፉ። እጁን እዩ። ሆዱን ከያዘ፣ ትከሻው ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ ትንፋሹ አጭር ከሆነ እናንተ «ጎማን» በሉ። ከዚያ ራሳችሁ ምልክቱን እያሳያችሁ እንዲደግመው አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ልጁ የት ይቁም?

አዲሱን ልጅ መጨረሻ ረድፍ ላይ አታቁሙት። እዚያ የሚያየው የሌሎች ጀማሪዎችን ስህተት ነው። ሁለተኛው ረድፍ መካከል ይሻላል፤ ከፊቱ እንቅስቃሴው ጥርት ያለ ልጅ ይሁን።

ይህ ግን ፓተርን (በቅደም ተከተል የተያያዙ እንቅስቃሴዎች) እስኪጀመር ብቻ ነው የሚሠራው። የአይቲኤፍን የመጀመሪያ ፓተርን፣ ቾንጂን አስቡት። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወደ ግራ ዞሮ ዝቅተኛ መከላከል ነው፤ በመቀጠል ቡጢ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ልጁ ወደ ግራ ዞሮ እያየ ሲከተለው የነበረው ጓደኛው ከጀርባው ሆነ። ፊቱ ግድግዳ ብቻ አለ። ይቆማል፣ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ኋላ ያያል፣ ረዳቱም «ፊትህን አዙር!» ብሎ ይጮኽበታል። ልጁ ግን ያደረገው ትክክለኛውን ነገር ነበር። አስተማሪ ሲፈልግ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። በፊቱ፣ በግራው፣ በቀኙና በኋላው አንድ አንድ የሚችል ልጅ አቁሙ። በየትም ቢዞር የሚያየው ሰው ይኑር። ወለሉ ላይ በፕላስተር መስቀል ለጥፉለት፣ አራቱ ጫፍ በአራት ቀለም። ረዳቱ ቀለሙን በእጁ ይጠቁም።

አቋም ስታስተካክሉም ተጠንቀቁ። ቃል ሲያጥር እጅ መቅደም ይወዳል። መጀመሪያ በራሳችሁ አካል አሳዩ። መንካት ግድ ከሆነ እጃችሁን ዘርግታችሁ በዓይናችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ክርንና ጉልበትን ብቻ፣ ሁሉም በሚያይበት ቦታ። ልጁ ከሸሸ ተዉት። «አልፈልግም» ማለት የማይችል ልጅን መንካት ከሌላው ልጅ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ደረጃ 5፦ አስተርጓሚ ልጅ

ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ልጅ ካለ በረከት ነው። ግን አታድክሙት። እሱም ለመሠልጠን ነው የመጣው፣ ወላጁም ከፍለውበታል። በየሳምንቱ አፈራርቁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ለማሟሟቂያና ለአዲስ እንቅስቃሴ ብቻ ጥሩት።

ልጅ እነዚህን በፍጹም አያስተርጉም፦ ጉዳትና ሕመም፣ ቅጣት፣ የክፍያ ጉዳይ፣ «ማን መታህ?» የሚል ምርመራ። ታናሽ ወንድም የታላቁን ጥፋት እንዲያስረዳ ማድረግ ሁለቱንም መጉዳት ነው። ለነዚህ ያዘጋጃችሁትን አዋቂ በስልክ ጥሩ።

ደረጃ 6፦ ስፓሪንግ

ልጁ ወደ ስፓሪንግ (የጥንድ ፍልሚያ ልምምድ) የሚገባው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። ከኋላው «ጎማን» ሲባል በየትኛውም እንቅስቃሴ መሐል ያቆማል። የራሱን የማቆሚያ ምልክት ሳይታዘዝ ያሳያል። የሌላውን ምልክት አይቶ ይሸሻል። አንዱ ከጎደለ ፓድ ላይ ይቆይ። ይህ ቅጣት እንዳይመስለው ሌሎች ልጆችንም በየተራ ፓድ ላይ አብራችሁ መድቡ።

ጥንዱን በክብደትና በልምድ አዛምዱ። «ዝም ስለሚል» ብላችሁ አዲሱን ልጅ ለኃይለኛው ልጅ መለማመጃ አታድርጉት። ይህ በብዙ ክፍል የሚታይ በደል ነው። አቤት የማይል ልጅ ዱላ ይበዛበታል። ማን ከማን ጋር እንደተጋጠመ ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ በወሩ መጨረሻም አንብቡት። አንድ ስም ሁልጊዜ ከትልልቆቹ ጎን ካገኛችሁት ወዲያው አስተካክሉ።

ለጀማሪ ልጆች ጭንቅላት ላይ ምት አይኑር። ሳይታሰብ ግን ይደርሳል። ሲደርስ እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀዩን ጨርቅ አንሡ፤ ክፍሉ በሙሉ ይቁም።
2. ልጁን አስቀምጡት። ነገር ግን ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም አንገቱን ካመመው አታንቀሳቅሱት፤ የጤና እርዳታ ጥሩ።
3. ቋንቋ በማይፈልግ ነገር እዩት፦ ዓይኑ ጣታችሁን ይከተላል? ቀጥ ባለው ፕላስተር ላይ ሳይወላገድ ይሄዳል? ያስመልሰዋል? ብርሃን ይሸሻል? ከወትሮው ይልቅ ያንቀላፋል?
4. «ያምሃል?» «ዞረብህ?» የሚለውን በቀዳችሁት የራሱ ቋንቋ አሰሙት።
5. የጉዳት ምልክት ታየም አልታየም በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም። ምልክት ከታየ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪም ሳያየው ልምምድ አይጀምር።
6. ለቤተሰቡ በአዋቂው አስተርጓሚ በኩል ንገሩ፦ እስከ ሁለት ቀን ይከታተሉት። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዱት።

አማርኛ የሚችለው ልጅ «ማስተር፣ ራሴን አመመኝ» ይላችኋል። ይህኛው አይላችሁም። ስለዚህ ለእሱ ከሌላው ይልቅ ቶሎ አቁሙ።

ደረጃ 7፦ ቅጣትና መሳለቅ

ልጁ ትእዛዝ ሳይፈጽም ሲቀር ከመቆጣታችሁ በፊት ያው ትእዛዝ በምልክት ተሰጥቶት እንደሆነ አስቡ። ካልተሰጠው ስጡት። ከፈጸመ ጉዳዩ ቋንቋ ነው፤ ቁጣ የለም። በምልክትም በራሱ ቋንቋም ተነግሮት እያየ ካልፈጸመ ያኔ ጥፋት ነው፤ ለሌላው ልጅ የምትሰጡትን ያንኑ እርምጃ ውሰዱ። ከዚያ ማነስም አያስፈልግም፣ መብለጥም አይገባም።

ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ ተንበርክኮ መቆም፣ በቀበቶ መምታት ግን ለማንም አይሁን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይደነግጋል። ፑሽ አፕ እንደ ልምምድ ከሁሉም ጋር ይሠራ። አንዱን ለይቶ ማዋረጃ ሲሆን ግን ልጁ ስፖርቱን ራሱን ይጠላል።

ሌሎች ልጆች በአዲሱ ልጅ አነጋገር ቢስቁ፣ በልጆቹ ላይ ሳትጮኹ ክፍሉን አቁሙና ቀጥሉ። ከክፍል በኋላ የሳቀውን ለብቻው አነጋግሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን ከአሥር እስከ አንድ ወደ ኋላ በኮሪያኛ ሁሉም በተራ ይቁጠር። ያኔ ሁሉም ይደነቃቀፋል፣ አዲሱ ልጅም አንዳንዴ ቀድሟቸው ይገኛል። ማስተሩ ራሱ በልጁ አማርኛ የሚቀልድ ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ልጆቹ ከእናንተ ነው የሚማሩት።

ደረጃ 8፦ የቀበቶ ፈተና

1. ቀኑን ስትቆርጡ የአካባቢውን በዓል እዩ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ በአዊ ዞን በዚያ ቀን ፈተና አይያዝም። የሙስሊም ልጆችን ጾምና በዓልም ጠይቁ።
2. የሚፈተኑበትን ነገር ቀድማችሁ በድምፅ ቅዱና በአስተርጓሚው ቋንቋ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላኩ። ወረቀት ብቻ አትስጡ፤ የማያነብ ወላጅ አለ።
3. የቃል ጥያቄ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ የመልሱ መንገድ ግን ክፍት ይሁን። «ቾንጂ ስንት እንቅስቃሴ አለው?» ሲባል ልጁ ጣቱን ቆጥሮ 19 ካሳየ መልሷል። «ትርጉሙስ?» ሲባል ወደ ሰማይ ከዚያም ወደ መሬት ከጠቆመ መልሷል፤ «ሰማይና ምድር» ነውና። ለአማርኛው ዓረፍተ ነገር ነጥብ የለም።
4. ሁለት ሰዎች ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያ ያስተያዩ። ሰፊ ልዩነት ካለ ልጁ ያንኑ ክፍል ይድገም።
5. ከወደቀ የወደቀበትን እንቅስቃሴ በአካል አሳዩት። «ሌላ ጊዜ» ብሎ ብቻ መሸኘት ለቋንቋው የወደቀ ያስመስለዋል። ክፍያው ይመለስ አይመለስ፣ መቼ ደግሞ እንደሚፈተን ለወላጁ በዚያው ቀን አስረዱ።

ልጁ መምጣት ካቆመ

ሁለት ክፍለ ጊዜ ከቀረ ሦስተኛውን አትጠብቁ። በአስተርጓሚው በኩል ደውሉ። «ለምን ቀረ?» ከማለት «ምን አስቸገረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ወቀሳ ይመስላል። እናትየዋን «እርስዎ» ብላችሁ አነጋግሩ፣ የልጁን አንድ ጥሩ ነገርም ጥቀሱላቸው።

ቅሬታ ካላቸው የሚቀበለው ሰው ልጁን የሚያሰለጥነው ራሱ አይሁን። የክለቡ ሌላ ኃላፊ ወይም የወላጆች ተወካይ ይስማ። በራሳቸው ቋንቋ የተናገሩትን በድምፅ ልከው ከሆነ እንዳለ አስቀምጡት። መልሱንም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ በዚያው ቋንቋ ስጡ። ጥፋቱ የአሰልጣኙ ሆኖ ከተገኘ ይቅርታውን ልጁ ባለበት ራሱ ይጠይቅ፤ ልጁም ከፈለገ በሌላ አሰልጣኝ ቡድን ይቀጥል።